ከኪቱ ሣጥን ውስጥ የሌለው ሄሊኮፕተር

በ1/48 ስኬል አንድ ሚሊ ሜትር ማለት እውነተኛው ማሽን ላይ ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። ይህቺን ስሌት ጭንቅላቱ ውስጥ ያላስገባ ሰው ሞዴል ሲገጣጥም ደስ ይለዋል እንጂ አይጨነቅም። እኔ እጨነቃለሁ። የኪቱ በር አንድ ሚሊ ሜትር ከወፈረ፣ ሄሊኮፕተሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በር ተገጠመለት ማለት ነው። እንዲህ ያለ በር የባንክ ካዝና ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሳሳዋለሁ። አሳስቼ ስጨርስ ከጎኑ ያለው ወፍሮ ይታየኛል። እሱንም አሳሳለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ሰው መመሪያውን ዘግቶ በራሱ መንገድ የሚሄደው።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኪት ማለት በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዘው የሚመጡ ቁርጥራጮች ናቸው። ትቆርጣላችሁ፣ ታሻሻላችሁ፣ ታጣብቃላችሁ፣ ትቀባላችሁ። መመሪያው ቁጥር በቁጥር ይመራችኋል። ከባዶ መሥራት ግን ሌላ ነው። ኪቱ ውስጥ የሌለውን ቱቦ፣ እጀታ፣ መስኮት፣ አንዳንዴም ሙሉ አፍንጫውን ፎቶ እያዩና እየለኩ ከተገኘው ነገር መፍጠር ነው። ውጭ አገር ለዚህ የሚሆነው ሁሉ ይሸጣል። የፕላስቲክ ዘንግና ንጣፍ በሚሊ ሜትር ሽራፊ ተለክቶ፣ ታሽጎ፣ ዋጋ ተለጥፎበት ይቀመጣል። እኔ እዚህ ፈልጌ ሳጣ ፊቴን ወደ መርካቶ አዞርኩ። ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን ጠረጴዛዬን የያዘው ኤም አይ-24 ነው። ኔቶ «ሃይንድ» ያለው፣ ሶቪየቶቹ ራሳቸው «አዞ» የሚሉት የጦር ሄሊኮፕተር። ሚል የሚባለው የሶቪየት ዲዛይን ቢሮ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ኪቱን የሩሲያው ዝቬዝዳ ነው ያወጣው። የአጎቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ጥሩ ኪት ነው፤ ሐሜት የለኝም። ብቻ እኔ የምፈልገው ዓይነት አይደለም።

ብዙ ሰው በፎቶ የሚያውቀው ኤም አይ-24 ሁለት ክብ መስታወት ፊትና ኋላ የተደረደሩበትን ነው። ተኳሹ ከፊት ዝቅ ብሎ፣ አብራሪው ከኋላው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ይህ ቅርጽ ከዲ ሞዴል ጀምሮ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ኤም አይ-24ኤ ሌላ ፊት ነበረው። ሰፋ ያለ፣ ማዕዘን የበዛበት፣ በጠፍጣፋ መስታወቶች የተገጣጠመ። ሶቪየቶቹ «በረንዳ» ይሉት ነበር። ለአብራሪው እንደልብ አያሳይም ነበርና በሁለቱ ክብ መስታወቶች ተተካ።

እኔን የሳበኝ ግን ይሄ አሮጌው ፊት ነው፤ ወደኛ አገር የመጣው እሱ ነዋ። ኤም አይ-24 ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው አፍጋኒስታንን ነው። ይህ ሄሊኮፕተር በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦርነት ያየው ግን ኦጋዴን ውስጥ ነው። በ1970 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ከሶማሊያ ወደ ኢትዮጵያ አዙራ መሣሪያ ስታጎርፍ አብሮ መጣ። የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር ነጻ ስትወጣ፣ ካራማራን በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ የሚያውቃት ቀን፣ በዚያው ዘመቻ ውስጥ ነበር። ግዙፉ ኤም አይ-6ም ነበር፤ ቀላል ብረት ለበሶችን ተሸክሞ ተራራውን በማሻገር ከሶማሊያ ጦር ጀርባ ያወረደው እሱ ነው። እሱን ለመሥራት እንኳን ጠረጴዛዬ አይበቃም። ከላይ የሚሽከረከረው ሮተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 35 ሜትር ነው፤ በ1/48 ከ70 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ባለቤቴ ይህን አንቀጽ ካነበበች እፎይ ትላለች።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፤ የሣጥኑን ሄሊኮፕተር ከአንገቱ በላይ ቆርጬ ሌላ ራስ ልሠራለት።

መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ተሰብሮ ያልሞተ ነገር ሁሉ እዚያ አለ። እኔ የምሄደው ለተቃጠለ ትራንስፎርመር ነው። ውስጡ በቫርኒሽ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል፤ ቀጭንም ወፍራምም ይገኛል። 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነው በ1/48 አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቱቦ ነው። ለሃይድሮሊክ መስመር ልክክ ይላል። ሻጩ «ይሠራል ወይ?» ብዬ ስላልጠየቅኩት ብቻ ደስ ብሎት ይቀንስልኛል።

ለንጣፍ ፕላስቲክ ደግሞ የእርጎ ኩባያና የሚጣል ማንኪያ አለ። ሥሩን ገልብጣችሁ እዩት። በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ 6 ቁጥር ካለ ፖሊስታይሪን ነው። ኪቱ ራሱ ከሱ ነው የተሠራው። ያው ማጣበቂያ ያሟሟዋል፤ ሲደርቅ ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። ሌላ ቁጥር ከሆነ ይህ ማጣበቂያ ብዙ ጊዜ አይዘውም። ሱፐር ግሉ ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ነስነስ ሲደረግ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፤ ክፍተት ለመድፈን ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ለአንቴና ሽቦ የኪቱን ፍሬም ቁራጭ ጧፍ ላይ ታሞቁትና ሲለሰልስ ግራና ቀኝ ይጎተታል። በፍጥነት ከተሳበ ከፀጉር ይቀጥናል። ቀስ ከተባለ ወፈር ይላል። የጅራቱን አንቴና እንዲህ ነው የሠራሁት።

ከሁሉ የሚጣፍጠኝ የመርፌው ነገር ነው። የኤም አይ-24ኤ አፍንጫ ላይ 12.7 ሚሊ ሜትር ባለ አንድ አፈሙዝ መትረየስ አለ። በ48 ሲካፈል 0.26 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 25 ቁጥር የሕክምና መርፌ፣ ብርቱካናማ መያዣ ያለው፣ የውስጥ ቀዳዳው 0.26 ሚሊ ሜትር ነው። ይኸው ነው፤ አፈሙዙ ተገኘ ማለት ነው። በፒንሳ ከተቆረጠ ግን ጫፉ ይደፈጠጣል። ምላጭ ሥር እያንከባለሉ በቀጭን ሞረድ ዙሪያውን መሸርሸር ነው። ፋርማሲ ገብታችሁ አንዲት መርፌ ብቻ ስትጠይቁ «ለምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ለመትረየስ ነው ተብሎ አይመለስም።

አሁን ወደ አፍንጫው።

የዲው ሞዴል ክብ መስታወት ቢሆን ከባድ ነበር፤ ፕላስቲክ አሙቆ በእንጨት ቅርጽ ላይ መሳብ ይጠይቃል። የኤው በረንዳ ግን ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ፣ ጥርት ያለ፣ ጠንካራ ፖሊስታይሪን ደግሞ የሁላችንም ቤት ነበር፤ የካሴት ሣጥን። የኛ ቤት ቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ ለብሰው የተደረደሩት ካሴቶች ዛሬ የሚሰማቸው የለም። ሣጥኖቻቸው ግን ወርቅ ናቸው። ሲዲ ሣጥንም ይሆናል፤ የካሴቱ ትንሽ ሳሳ ስለሚል እሱን እመርጣለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ልክ ማግኘት አለ። የኤውን ፕላን በሚሊ ሜትር የሚሰጥ ሰው ስለሌለ ከፎቶ ማውጣት ነው። ሞስኮ አቅራቢያ ሞኒኖ የአየር ኃይል ሙዚየም አንድ ኤም አይ-24ኤ ቆሟል፤ ጎብኚዎች ዙሪያውን እየዞሩ ያነሱት ፎቶ ሞልቷል። በፎቶ ላይ ልኩ የሚታወቅ አንድ ነገር ካለ ሌላው ይወጣል። የሮተሩ ስፋት 17.3 ሜትር መሆኑ ይታወቃል። ብቻ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ይዋሻል፤ ለካሜራው የቀረበው አፍንጫ ያብጣል፣ ጅራቱ ይከሳል። ከሩቅ፣ ትክክል ከጎን የተነሳውን መፈለግ ያዋጣል። ቆንጆ ፎቶና ጠቃሚ ፎቶ አንድ አይደሉም። ለእኔ አሰልቺው ነው የሚጠቅመኝ።

ከዚያ እያንዳንዱን መስታወት በወፍራም ካርቶን መቁረጥና በቦታው መሞከር ነው። መስታወቶቹ እርስ በርስ በማዕዘን ስለሚገናኙ አንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ስህተቱ ይጓዛል። መጨረሻ ላይ የሚገባው መስታወት ቦታው ላይ አልገባም ይላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ከመቁረጤ በፊት የቀረውን ቀዳዳ ነው የምለካው፤ ፎቶውን አይደለም።

የካሴት ሣጥን በመቀስ አይቆረጥም፤ ይሰነጠቃል። በምላጭ ጀርባ ደጋግሞ መስመር ማስመርና በመስመሩ ላይ ቀጭ ማድረግ ነው። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከልና በጥቁር ማርከር ይቀባል። ይህቺን እዩልኝ። ጠርዙ ካልተቀባ ውፍረቱ በጎን ብርሃን እየሰበረ ያሳብቃል። ከተቀባ ግን ዓይን የፍሬም ጥላ መስሎት ያልፈዋል።

ማጣበቂያው ሌላ ፈተና ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ትነቱ መስታወቱ ላይ ነጭ ጭጋግ ይጥላል። አሴቶን ደግሞ አንዲት ጠብታ ከመስመር ከወጣች መስታወቱን ትበላዋለች። አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ግን ሲደርቅ ጥርት ይላል፤ ቢፈስስም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። ጥንካሬው ያን ያህል አይደለም፤ ለመስታወት ግን ይበቃል። ጭረት ከወጣበት በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ማሸት ነው። ፍሬሞቹን ከክኒን መጠቅለያ ጀርባ ካለው ፎይል በቀጭኑ እየሰነጠቅኩ በወረንጦ አስቀመጥኳቸው። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልክ አላነሳም፤ ቡናም አልጠጣም። እጅ ያንቀጠቅጣል።

በነገራችን ላይ ሁሉን ከባዶ መሥራት ጽድቅ ነው የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም። ቼኮቹ ኤዱዋርድ የሚባል ፋብሪካ አላቸው፤ በናስ ላይ በአሲድ የተቆረጡ ዝርዝሮችን ይሸጣል። የመቀመጫ ቀበቶና የአብራሪው መለኪያዎች ሰሌዳ ላይ ማንም እጅ አይደርስበትም። እኔም ባገኝ እገዛለሁ። ችግሩ ናሱ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። ቱቦ ክብ ነው። እጀታም ክብ ነው። ከናስ የተቆረጠ እጀታ ከፊት ሲያዩት ያምራል፤ ከጎን ሲያዩት ወረቀት ነው። እዚያ ላይ የምናለሽ ተራ ሽቦ ያሸንፋል።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረተኛ አሉ። ደብረ ዘይት ሄሊኮፕተር ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስለ ሞዴሉ ሰምተው መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ከፊት ለፊቱ አዩት። ስለ ቀለሙም ስለ መስታወቱም አልጠየቁም።

«እግሩን አጣብቀሃል?» አሉኝ።

«ገና ነው ጋሼ። እርስዎ ይዩት ብዬ።»

«ደህና አደረግህ። ይሄ ማሽን ቆሞ ሲያድር ወደ ግራ ያዘነብላል። ቀጥ አድርገህ ካቆምከው ኤም አይ-24 አይደለም።»

ነገሩ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ደስ ይላል። ዋናው ሮተር ሲዞር አካሉ በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። የጅራቱ ትንሽ ሮተር ወደ ጎን እየገፋ ይይዘዋል። ያ ግፊት ግን ማሽኑን በሙሉ ወደ ጎን ይነዳዋል። እንዳይነዳው የሮተሩን ዘንግ 2.5 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዘነበሉት። ታዲያ መሬት ላይ ሲያርፍ ሮተሩ ለጥ ብሎ እንዲታይ እግሮቹን አስተካከሉ፤ በዚህ የተነሳ አካሉ ወደ ግራ አጋደለ። የጅራቱ ቋሚ ክንፍም ሚዛኑን ያልጠበቀ ነው፤ በፍጥነት ሲበር ትንሹን ሮተር ለማገዝ። በአጭሩ ይሄ ሄሊኮፕተር ሲፈጠር ጠማማ ነው። ጠማማነቱ ደግሞ የተሰላ ነው።

2.5 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። በ1/48 የሮተሩ ስፋት 36 ሴንቲ ሜትር ነው። ዘንጉ በዚህ ልክ ከተሳሳተ የአንዱ ብሌድ፣ ማለትም የሮተሩ ክንፍ፣ ጫፍና የተቃራኒው ወገን ጫፍ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይበላለጣሉ። ዓይን ይህን አይስትም። ከካርቶን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቆረጥኩ፤ በ100 ሚሊ ሜትር ርዝመት 4.4 ሚሊ ሜትር የሚነሳ። ሆዱን እሱ ላይ አስደግፌ እግሮቹን አጣበቅኩ። እንግዳ ሲመጣ «ጠመመብህ እኮ» ይለኛል። እስቃለሁ። ጋሼ ካሉ ደግሞ እሳቸው ናቸው መልስ የሚሰጡት፤ ሰውየው ቡናውን ሳይጨርስ አይለቁትም።

ሮተሩ ላይ ነው ብዙ ያመሸሁት። የሄሊኮፕተር ነፍስ እዚያ ነው ያለችው። አምስቱ ብሌዶች እምብርቱ ላይ ግትር ብለው የተተከሉ አይደሉም። እያንዳንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል፣ በራሱ ዘንግ ላይም ይጠማዘዛል። ከሥር ያለ ሳህን መሰል ብረት አብራሪው ባዘዘው ልክ ያዘነብላል። ከሱ አምስት ዘንጎች ተነስተው እያንዳንዱን ብሌድ ይጠመዝዛሉ። ኪቱ ላይ እነዚህ ዘንጎች ከእምብርቱ ጋር ተጣብቀው በአንድነት ወጥተዋል፤ ለፋብሪካ ይቀላል። ቆርጬ ጣልኳቸው። በመዳብ ሽቦ ተካኋቸው፤ ጫፋቸው ላይ የመርፌ ቁራጭ እንደ ቀለበት አስገባሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብሌዶቹ በረዶ እንዳይዛቸው በኤሌክትሪክ ይሞቃሉ። ስለዚህ ከእምብርቱ ወደ እያንዳንዱ ብሌድ ገመድ ይሄዳል። ብዙ ሠሪዎች ይህን ገመድ ሽቦ ወጥረው ይሠሩታል፤ ያምራል። ነገር ግን ብሌዱ በሦስት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል ብለናል። የተወጠረ ገመድ መጀመሪያ ዙር ላይ ይበጠሳል። ላላ ማለት አለበት። ቀስት ሠርቶ መውደቅ አለበት። ብሌዶቹ ራሳቸውም ቆመው ሲያድሩ በክብደታቸው ይዘፈዘፋሉ፤ ኪቱ ግን ቀጥ አድርጎ ነው የሰጠኝ። ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ በጣቴ ቀስ እያልኩ አጎበጥኳቸው።

የብሌዱ ሥር ላይ ደግሞ አንዲት ነገር አለች። በሞዴሉ ላይ በወረንጦ ጫፍ ካልሆነ የማትያዝ። ሚሎቹ የብሌዱን ዋና ተሸካሚ ብረት ውስጡን ክፍት አድርገው የታመቀ ጋዝ ሞሉበት። ሥሩ ላይ ትንሽ ጠቋሚ አስቀመጡ። ብረቱ የትም ቦታ ቢሰነጠቅ ጋዙ ያመልጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጠቋሚው ላይ ቀይ ቀለም ብቅ ይላል። መካኒኩ ጠዋት ወጥቶ አምስቱንም ያያል። ቀይ ከሌለ ይበረራል። ቀይ ካለ ያ ብሌድ ይወርዳል።

ሞዴል ሠሪ ቀይ ነጥብ ይወዳል። በአረንጓዴና ቡናማ አካል ላይ አንድ ቀይ ጠብ ስትል ዓይን ትስባለች። አንዳንድ የተዋበ ሞዴል ላይ አምስቱም ብሌድ ቀይ ተቀብቶ አይቻለሁ። ያ ሄሊኮፕተር አምስት የተሰነጠቀ ብሌድ ይዞ ቆሟል ማለት ነው። ጋሼን ፎቶውን ባሳያቸው ዋና መካኒኩን ያስጠሩ ነበር። የኔ ላይ ቀይ የለም። የተለፋበት ነገር ግራጫ ሆኖ ቀረ፤ ማንም አያየውም። እኔ ግን አየዋለሁ።

ለኔ ከባዶ የመሥራት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ኪት ሲገጣጠም ቁጥር 47 ቁጥር 48 ላይ ይለጠፋል፤ ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። በገዛ እጅ ሲሠራ ግን የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ማወቅ ግድ ነው። የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ለምን እንደተቀመጠ መረዳት አለባችሁ። ምን እንደሚሠራ ያላወቅኩትን ነገር አልጨምርም። ጠረጴዛዬ ላይ ሕጉ እሱ ነው። ሆዱ ላይ ያለውን የስምንት ወታደሮች ክፍል ስሠራ እያንዳንዱ መስኮት ላይ የጠመንጃ ማስደገፊያ መኖሩ ገብቶኝ ነው የሠራሁት። በሩ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች መከፈቱም እንዲሁ፤ የታችኛው ሲወርድ መወጣጫ ይሆናል።

ክንፎቹን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የኪቱ ይበቃል። ትጥቅ መስቀያ ብቻ አይደሉም። በፍጥነት ሲበር እስከ ሩብ የሚደርሰውን ክብደት የሚሸከሙበት ጊዜ አለ። አየር ግን ይገትራሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጉርገን ካራፔትያን ክንፎቹ በተነቀሉለት ኤም አይ-24 በሰዓት 368.4 ኪሎ ሜትር በርሮ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። ያው የኦጋዴኑ ዓመት መሆኑ ነው።

ክንፉ ሥር የሚንጠለጠለው ግን ቀላል አልሆነልኝም። ዩቢ-32 የሚባል የሮኬት ማስወንጨፊያ አለ፤ ስሙ እንደሚለው 32 ቀዳዳ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ 57 ሚሊ ሜትር ሮኬት ይይዛል። ማሽኑ አራት ይሸከማል፤ 128 ማለት ነው። የኪቱ ቀዳዳዎች ጎድጎድ ያሉ ነጥቦች ስለነበሩ 1.2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይዤ በእጄ መብሳት ጀመርኩ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሬዲዮ እየሰሙ የሚሠራ።

አንድ ወዳጄ ትግራይ ተወልዶ ያደገ ነው። በዚያው ሰሞን ቤት መጥቶ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ አለ። ወረንጦውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ይሄ ሲመጣ ገበያ ይበተን ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ላይ የገበያ ቀን ነበር። ሚግና ሄሊኮፕተር መጥቶ የሆነውን ከኔ በላይ የሚያውቁት አሉ። ካራማራን የሚያስታውሰው ሰውና ሐውዜንን የሚያስታውሰው ሰው አንዱን ማሽን ነው የሚያዩት። እኔ ደግሞ ከመሀላቸው ቁጭ ብዬ ቀዳዳ እበሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ መክፈት አልሆነልኝም። ቀዳዳው ቁጥር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ የሆነ ቦታ የሚያርፍ ነገር ሆነ። ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ አልጨምርም ብዬ የለ? ሕጉ እዚህም ይሠራል። 128ቱንም ጨረስኩ። ሮኬት ሳላስገባ ባዶውን ልተወው አሰብኩ፤ ቀለል ይላል ብዬ። ወዳጄን በስልክ ነገርኩት። «ባዶ ከሆነ እኮ ተተኩሷል ማለት ነው» አለኝ። ልክ ነው። ሞዴል ሠሪ ከሆነ ሰው እንኳን እንዲህ ያለ እርማት አልሰማሁም። አሁን አራቱም በትንሽ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ክንፉ ሥር መስቀያዎቹ ብቻ አሉ። ሥልጠና ላይ ያለ ማሽን እንዲህ ይበራል፣ ስለዚህ ውሸት አይደለም። አንድ ቀን እሰቅላቸው ይሆናል። ላልሰቅላቸውም እችላለሁ።

ቀለሙ ቀርቷል። የመኪና ቀለም ቤት ሄጄ በናሙና አስበጥብጣለሁ፤ ልጁ ለምደኛል፣ «ዛሬ ደግሞ የምን መኪና ነው?» ይለኛል። ትንሽ ነጭ ጨምርበት እለዋለሁ። ትንሽ ሞዴል ላይ እውነተኛው ቀለም በልኩ ከተቀባ ይጠቁራል፤ ነጣ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ አቧራ አለ። ኦጋዴን የዋለ ማሽን ንጹሕ አይሆንም። የኖራ ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ፈጭቼ፣ ትንሽ ቀይ አፈር አዋሕጄ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከሆዱ ጀምሬ አለብሰዋለሁ። ጋሼ የሞተሩ ማስወጫ አካባቢ ጥላሸት አይረሳ ብለዋል። «እኛ ስናጥብ የኖርነውን አንተ ትቀባለህ» ብለው ሳቁ።

ሮተሩን አላጣበቅኩትም። የእህቴ ልጆች ሲመጡ ማሽከርከር ይወዳሉ። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። የሶቪየት እንዲህ ነው፤ የአሜሪካኖቹ በተቃራኒው ይዞራል። ትንሿ አሁን ታስተካክላለች፤ ታላቅየው በተቃራኒ ሲያዞረው «አሜሪካ አደረግከው!» ብላ ትጮኻለች።

ከዚህ ቀጥሎ ኤም አይ-8 ለመሥራት አስቤያለሁ። አፍንጫው ክብ ነው፣ ግን የጎን መስኮቶቹ ብዙ ናቸው፤ የኛ ቤት ቁም ሣጥን ደግሞ ባዶ ሆኗል። ስንጥቅ የሌለው የካሴት ሣጥን ያላችሁ አትጣሉት። ካሴቱን ለራሳችሁ አስቀሩት፤ እኔ ሣጥኑን ነው የምፈልገው።